ድመት ከተከተበች በኋላ ያልጠፋ እብጠት፦ ልጠብቅ ወይስ ላስወጣላት?

ጥያቄ፦ «ድመቴ ሴት ናት፤ 9 ዓመቷ ነው። ገና ልጅ ሳለች አስመክነናታል። ከአራት ወር በፊት ትከሻዋ አካባቢ ክትባት ተወግታ ነበር። የዛሬ ስድስት ሳምንት ገደማ ስደባብሳት በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ያለ ነገር እጄን ነካኝ። አሁን ከፍ ያለ ይመስለኛል። ስነካው አያማትም፤ በደንብ ትበላለች፣ ትጫወታለች። አንዱ ስብ ነው ይለኛል፣ ሌላው ካንሰር ከሆነ መርፌ ሲነካው ይሰራጫል ይለኛል። ማታ ማታ በሙቅ ፎጣ እያሸሁላት ነው። ልጠብቅ ወይስ ላስወጣላት?»

አይጠብቁ። ግን «ቆርጣችሁ አውጡልኝ» ብለውም አይሂዱ። በሁለቱ መካከል የዘለሉት ሥራ አለ፤ እብጠቱ ምን እንደሆነ ማወቅ። ይህ ለማንኛውም ድመት የሚሠራ ምክር ቢሆንም በእርስዎ ድመት ላይ ሦስት ነገሮች ተገጣጥመዋል፤ ቦታው መርፌ የተወጋበት ነው፣ ከተወጋች ሦስት ወር አልፏል፣ እብጠቱም እያደገ ነው። ስለዚህ የምሰጥዎት ምክር ከወትሮው ጠንከር ያለ ነው።

«አያማትም» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያዘናጋል። ሲነኩት የሚያማት፣ የሚሞቅ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ያበጠ ነገር ብዙውን ጊዜ መግል የቋጠረ ነው፤ ያስጨንቃል፣ ግን ይድናል። ዕጢ ግን ሲጀምር በአብዛኛው አያምም። ጠጠር ብሎ፣ ሳይሞቅ፣ ቀስ እያለ ያድጋል። እናም ሕመም አለመኖሩ ለእርስዎ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። መብላቷና መጫወቷም እንደዚያው ነው። ድመት ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት፤ ምግብ እስክትተው ከጠበቁ ምናልባት ሊታከም የሚችልበት ጊዜ ያልፋል።

የስቡ ነገር በአመዛኙ ከውሻ የመጣ ልምድ ነው። በዕድሜ የገፋ ውሻ ላይ ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት ለስላሳ የስብ ዕጢ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ድመት ላይ ግን በጣም ያነሰ ነው። ድመት ላይ ከሚወጡ የቆዳ ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አደገኛ ሆነው ይገኛሉ። ይህን የምለው ላስደነግጥዎት አይደለም፤ የውሻ ባለቤት «እስቲ እንየው» ሲል የሚወስደው አደጋና የድመት ባለቤት የሚወስደው አደጋ እኩል እንዳልሆነ እንዲያውቁት ነው። በጣት ዳብሶ «ስብ ነው» የሚል ሰው፣ ሐኪምም ቢሆን፣ እየገመተ ነው። እኔም በጣቴ ብቻ ለይቼ አላውቅም።

ሙቅ ፎጣውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሙቀት የሚጠቅመው መግል ለያዘ እባጭ ነው፤ የእርስዎ ድመት ያለባት ደግሞ ያንን አይመስልም። ማሸቱ ከዚህም ይብሳል። ማስት ሴል የሚባለው የድመት የቆዳ ዕጢ ሲታሽና ሲጨመቅ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ማፍረጥም አይሞከርም። ከቆዳ ሥር ያለ ከረጢት ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይፈነዳል፤ ያኔ ትንሽ የነበረው ነገር በእብጠትና በቁስል ተከብቦ ምንነቱን ለመለየት ያስቸግራል።

መግል የቋጠረ እባጭ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፣ ልዩነቱን ራስዎ ያያሉና። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የሌላ ድመት ንክሻ ነው። የድመት ክራንቻ ቀጭንና ረዥም ስለሆነ አፍ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ጥልቅ ወስዶ ይቀብረዋል፤ ቀዳዳዋ ግን ትንሽ ናትና ቶሎ ትዘጋለች። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሥር መግል ይሞላል። ድመቷ ትሞቃለች፣ ትደበቃለች፣ ከምግብ ትሸሻለች፣ እግሯ ከሆነ ታነክሳለች። ፀጉሩን ገለጥ ሲያደርጉ የደረቀች ትንሽ ቅርፊትና ዙሪያዋን የተጣበቀ ፀጉር ያገኛሉ። ሲፈነዳ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሐኪም ይከፍተዋል፣ ያጥበዋል፣ አንቲባዮቲክ ያዛል፤ በሳምንት ውስጥ ይሻላታል። ካልተሻላት ወይም ከተመላለሰባት የድመት ሉኪሚያና የበሽታ መከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስ ምርመራ ይደረግላታል። የነከሳት እንስሳ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው ያለፈበት ይሁን ያላለፈበት ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው። የእርስዎ ድመት ስድስት ሳምንት ሙሉ እብጠት ይዛ ስትበላና ስትጫወት ከከረመች ነገሩ ይህ አይደለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ክትባቱ። መርፌ በተወጋበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠጣር እብጠት መውጣቱ የተለመደ ነው። ሰውነት ለክትባቱ ምላሽ ሲሰጥ የመከላከያ ሴሎች ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ጥቂት ድመቶች ላይ ግን ይህ የቆየ ብግነት (የመከላከያ ሴሎች ተሰብስበው የሚፈጥሩት እብጠት) ወደ አደገኛ የሥጋ ዕጢ፣ ማለትም ሳርኮማ፣ ይለወጣል። በ1991 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች መርፌ በሚወጋበት ቦታ የሚወጣው ሳርኮማ መብዛቱን አስተውለው ካሳወቁ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ክትባት ብቻ ሳይሆን ሌሎች መርፌዎችም ሊያስነሱት እንደሚችሉ ይታወቃል። የሚከሰተው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ድመቶች ሲከተቡ ጥቂቶቹን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ «ከእንግዲህ ድመቴን አላስከትብም» የሚለው መደምደሚያ ስህተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ድመቷንም እርስዎንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የትኛው እብጠት ይጠበቅ፣ የትኛው ይመርመር የሚለውን ለመለየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ደንብ አለ። ከመርፌው 3 ወር በኋላም ካልጠፋ፣ ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከመርፌው 1 ወር ካለፈ በኋላ እያደገ ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢሟላ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ልብ ይበሉ፤ አንዱ ብቻ ይበቃል። የድመትዎ እብጠት በመጀመሪያው መስፈርት ቀድሞውኑ ገብቷል፣ በሦስተኛውም ገብቷል። «ገና ትንሽ ናት፣ 2 ሴንቲ አልሞላችም» ብሎ መጽናናት አይሠራም።

መርፌ ካንሰር ይበትናል የሚለው ፍርሃት ብዙ ድመቶችን ያለ ምርመራ አስቀርቷል። ቆዳ ሥር ያለን እብጠት በቀጭን መርፌ መንካት በሽታውን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አያሰራጨውም ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚደረግባቸው ዕጢዎች አሉ፤ ለምሳሌ የሽንት ፊኛ ዕጢ። የቆዳ እብጠት ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም። አሠራሩም ቀላል ነው፦ ለክትባት ከሚውለው መርፌ የማይወፍር መርፌ እብጠቱ ውስጥ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይደረጋል፣ የወጣው ጠብታ በመስታወት ላይ ተለቅልቆ ይደርቃል፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አብዛኛዎቹ ድመቶች ያለ ማደንዘዣ ይችሉታል።

የዚህ ምርመራ ጉልበትም ድክመትም መታወቅ አለበት። መግልን፣ ስብን፣ የማስት ሴል ዕጢንና በፈሳሽ የተሞላ ከረጢትን በደንብ ይለያል። ሳርኮማ ግን ሴሎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ በመርፌ ብዙም አይወጡም፤ የወጡትም ከተራ ብግነት ሴሎች ጋር ይመሳሰላሉ። «መርፌው ላይ ምንም አልታየም» የሚል ውጤት ይዘው ቢመለሱ ነጻ ወጣች ማለት አይደለም። ያኔ ቀጣዩ ባዮፕሲ ነው። ድመቷ ለአጭር ጊዜ ደንዝዛ ከእብጠቱ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይቆረጣል፣ እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ የሥጋ ናሙና ወደሚመረምር ሐኪም (ፓቶሎጂስት) ይላካል። መቁረጫው ቦታ በኋላ ትልቁ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ አብሮ በሚወጣው ቆዳ ላይ እንዲሆን ሐኪሙ አስቀድሞ ያስባል።

«አንድ ጊዜ ደንዝዛ ለምን ሁሉንም አያወጣውም?» ይሉኝ ይሆናል። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መርፌ ያስነሳው ሳርኮማ ጫፉ የሚታወቅ ክብ ነገር አይደለም። እጅዎ ከሚዳስሰው አልፎ በጡንቻና በሽፋኖቹ መካከል ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋል። ሐኪም የሚዳሰሰውን ኳስ ብቻ ፈልቅቆ ቢያወጣ ክሮቹ ይቀራሉ፤ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስም የበለጠ ስፋት ይዞ ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ከሁሉም የተሻለው ዕድል ነው። ትክክለኛው ቀዶ ጥገና በየአቅጣጫው እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ሥጋ፣ ወደ ታችም ሁለት የጡንቻ ሽፋን ይጨምራል። በትከሻ መካከል ሲሆን ከአከርካሪ አጥንት ጫፎችና ከትከሻ አጥንት ላይ መቁረጥም ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚያህል ሥራ ዕጢው በእርግጥ ሳርኮማ መሆኑ ሳይታወቅ አይጀመርም፤ ሳርኮማ ካልሆነ ደግሞ ድመቷን ያለ ምክንያት መቁረጥ ነው።

ውጤቱ ተራ ብግነት ከሆነ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ክትትል ይደረግበታል። ሳርኮማ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሳንባ ራጅ ይነሳል፤ ዕጢው ከተሰራጨ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነውና። ሲቲ ስካን የሚገኝ ከሆነ የዕጢውን ትክክለኛ ስፋት ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ ከተዳሰሰው ሰፍቶ ይገኛል። የጨረር ሕክምና ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም በኋላ ሲታከልበት የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ በየቦታው አይገኙም። ባይገኙም ባዮፕሲውን አይተዉ፤ ሐኪምዎ ባለው አቅም የሚችለውን ሰፊ ቀዶ ጥገና ለማቀድም ሆነ «ከዚህ በላይ አናስቸግራት፣ ሕመሟን እናስታግስላት» ለማለት የሚነሳው ከውጤቱ ነው። የወጣ ሥጋ ደግሞ ምንም ትንሽ ቢሆን አይጣልም፤ ሁሉም ይመረመራል፣ ጠርዙ ከዕጢ ሴል ንጹህ መሆኑም ይጠየቃል።

«በ9 ዓመቷ ማደንዘዣ አትችልም» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። ማደንዘዣውን የሚያከብደው ዕድሜ ብቻውን ሳይሆን በአብዛኛው የተደበቀ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የታይሮይድ ሕመም ነው። የደም ምርመራ ይደረግላት፣ ልቧ ይደመጥ፣ ከዚያ ይወሰን።

ይህን መልስ ለሌላ እብጠት የሚያነብ ሰው ካለ ሦስት ቦታዎችን በተለይ ልጥቀስ። የመጀመሪያው ጡት ነው። የድመት የጡት ዕጢ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ አደገኛ ነው፤ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች በነበረና ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ በሆነ ዕጢ መካከል ድመቷ ከዚያ በኋላ በምትኖረው ጊዜ ላይ ያለው ልዩነት በዓመታት ይቆጠራል። ጡት ላይ ያለ ሩዝ የሚያህል ጠጣር ነገር እንኳ ቀጠሮ አይሰጠውም። አንድ ዓመት ሳይሞላት የመከነች ድመት በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል፤ የእርስዎ ድመት በዚህ ረገድ ተጠቅማለች። ሁለተኛው የነጭ ድመት ጆሮ ጫፍና አፍንጫ ነው። ፀሐይ የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር መጀመሪያ እብጠት ሳይሆን የማይድን ቅርፊት ይመስላል፤ ባለቤቱ ወራት ሙሉ የጭረት ቁስል እየመሰለው ቅባት ሲቀባ ይከርማል። ቶሎ ከተደረሰበት የጆሮውን ጫፍ በመቁረጥ ይድናል። ሦስተኛው ጭንቅላትና አንገት ነው። እዚያ የሚወጡ ትንንሽ ክብ እብጠቶች ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ቢሆንም ይህን የሚናገረው መርፌው ነው።

እብጠት ሳይሆኑ የሚያስደነግጡም አሉ። ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር፣ የወንድ ድመት የጡት ጫፍ (አዎ፣ ወንዱም አለው)፣ የደረት አጥንት መጨረሻ ላይ ያለችው ልም አጥንት፣ በሆድ ሥር የሚወዛወዘው ልል ቆዳ። በማጅራት አካባቢ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀጭን ጠጣር ነገር ደግሞ ድመቷ መለያ ማይክሮቺፕ ከተተከለላት እሱ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን አያድግም። አገጭ ላይ እንደ ቡና ዱቄት የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ደግሞ የድመት ብጉር ነው፤ የምግብ ሳህኑን ከፕላስቲክ ወደ ብረት ወይም ወደ ሸክላ መቀየር ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ቀጠሮው እስኪደርስ እቤት የሚሠራ ሥራ አለ። ፀጉሩን በውሃ አርጥበው ወደ ጎንና ወደ ጎን ይክፈሉ፣ እብጠቱን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ይያዙ፣ ስፋቱን በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለኩ፣ ማስመሪያውን አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ቆዳውን ሲያንቀሳቅሱ እብጠቱ ከቆዳው ጋር ይሄዳል ወይስ ከሥር ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ ይቀራል የሚለውን ይጻፉ፤ ተጣብቆ የሚቀረው የበለጠ ያሳስባል። «ከፍ ያለ ይመስለኛል» ከሚል ቃል ይልቅ «ሰኞ 14 ነበር፣ ዛሬ 17 ነው» የሚል ቃል ሐኪምን ያስቸኩላል። በየቀኑ አይነካኩት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ከሰው መድኃኒት ሳጥን ምንም እንዳይሰጧት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም አይሆንም። ለውሻ ቁንጫ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንደዚሁ። ብግነት የሚያበርደው የስቴሮይድ መርፌም ምርመራው ሳይደረግ አይወጋ፤ እብጠቱን ለጊዜው ሊያሳንሰው፣ ምርመራውንም ሊያወናብደው ይችላል። እብጠቱ ከፈነዳ፣ ከደማ፣ ድመቷ ምግብ ከተወች ወይም መተንፈስ ከከበዳት ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ይውሰዷት።

የምመክርዎት ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ የክትባት ካርዷንም ይያዙ። እንዲህ ይበሉ፦ «ከአራት ወር በፊት እዚህ ቦታ ላይ ተወግታለች፤ እብጠቱ አልጠፋም፣ እያደገ ነው። በመርፌ ናሙና ይወሰድልኝ፤ ጥርት ያለ መልስ ካልተገኘ ባዮፕሲ ይደረግ። ውጤቱ ሳይመጣ እንዳይወጣ።» ሐኪሙ «ችግር የለውም፣ ከሦስት ወር በኋላ አምጫት» ካለዎት መልሱን ሳይቀበሉ ሌላ ሐኪም ይጠይቁ። «አሁኑኑ ላውጣው» ካለዎትም እንደዚያው።

የሚቀጥለው ክትባቷ ሲደርስ ደግሞ በትከሻዎቿ መካከል እንዳይወጋ ይጠይቁ። ብዙ ሐኪሞች አሁን ዝቅ ብለው እግር ላይ ወይም ጅራት ላይ ይወጋሉ፤ ዕጢ ቢወጣ እንኳ እግሩን ወይም ጅራቱን በመቁረጥ ድመቷን ማዳን ይቻላልና። የትኛው ክትባት የትኛው እግር ላይ እንደተወጋ ካርዱ ላይ ያስጽፉ።